የዘሀራ ደጅ ጥናት

ነገሩን የጀመረው የሪሐብ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። ሪሐብ የዘሀራ ልጅ ናት፤ ሰው ሁሉ «በቃ፣ እሷስ አልሆነላትም» ካለ በኋላ ዘግይታ የወለደቻት፣ አንዲት ፍሬ። ያን ሰሞን ክፍላቸው የሚያነበው የልጆች ልብ ወለድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ ሲፈራ ከለንደን ወደ ገጠር ስለተላኩ ልጆች ነበር። ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጀርባ ባለው ፍላታቸው፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ስታነብ ቆየችና ድንገት ቀና አለች።

«ማሚ፣ ልጆቹን ያለ እናታቸው በባቡር ላኳቸው እኮ! ኮታቸው ላይ ስማቸውን ሌብል አድርገው። ዛትስ ሶ ክሬዚ!»

ዘሀራ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ምኑ ይገርማል? እኔስ ተልኬ የለ» አለች፣ ዞር እንኳ ሳትል።

«አንቺ? የት?»

«ገጠር ነዋ። ጦርነት ሲመጣ።»

ሪሐብ መጽሐፏን ዘጋች። እናቷ ድሬዳዋ እንደተወለደች፣ በጅቡቲ አድርጋ ለንደን እንደገባች ታውቃለች፤ ከዚያ ያለፈውን ግን እሷም ጠይቃ አታውቅም፣ የነገራትም የለም። «ታዲያ ያንቺ መጽሐፍ የታለ?» አለቻት።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ ሪሐብ ያቦካችው ግን ለዓመት በቃ። ዘሀራ እነ ሪሐብ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩባቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ አሰበቻቸው። በሁሉም ውስጥ ባለታሪኩ ወይ ጦጣ ነው ወይ ጅብ። ጭነት መኪና ላይ ተጭና የሄደች ልጅ በአንዱም ውስጥ የለችም። እንግዲያው እኔ እጽፈዋለሁ አለች።

ዘሀራ ደራሲ አይደለችም። ሂትሮው ውስጥ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚያሰናዳ ድርጅት ትሪ ትደረድራለች፤ ዳቦው በዚህ፣ ሰላጣው በዚያ፣ ማንኪያው በወረቀት ተጠቅልሎ ከጎን። ክፍሉ እንደ ፍሪጅ ስለሚቀዘቅዝ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርባ፣ ፀጉሯን በመረብ ሸፍና ትውላለች። እሷ እዚያ ከገባች ወዲህ አለቆች ተለዋውጠዋል፣ ድርጅቱም ስሙን ቀይሯል፤ እሷ ግን አለች። ግትር ናት። ባሏ ሙባሽር «ዘሀራ ሥራ የምትጀምረው አይሆንም ከተባለች በኋላ ነው» ይላል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ደጋግማ ወደቀች፣ ደጋግማ ተፈተነች፣ በመጨረሻም አወጣች። ከዚያ ወዲህ መኪና ነድታ አታውቅም። ማውጣቱን ነበር የፈለገችው።

መጽሐፉንም እንደዚያው ያዘችው። ከሀመርስሚዝ ወደ ሂትሮው በሚወስደው ባቡር ላይ፣ በስልኳ፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ ትጽፋለች። መቀመጫ ካገኘች ቁጭ ብላ፣ ካጣች በክርኗ ብረቱን አቅፋ። በሥራ ቦታ ወሬው ሲሰማ አጠገቧ የምትደረድረው እሌኒ «ደራሲዋ፣ ማንኪያ ዘለልሽ!» እያለች ስትስቅባት ሰነበተች። ዘሀራም አብራ ሳቀች፤ መጻፉን ግን አልተወችም።

መጀመሪያው እንደ ውሃ ፈሰሰላት። የልብ ወለዷን ልጅ ሶፊያ አለቻት፤ ያየችውንም ሁሉ ሰጠቻት። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት ጦርነቱ ወደ ድሬዳዋ ሲቃረብ፣ ገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ልጁን ማሸሽ ያዘ። ዘሀራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቷ ሚስኪ ወደ አባቷ አክስት ዘንድ፣ ሂርና አጠገብ ወዳለች መንደር ልትልካት ወሰነች። የእንግሊዝ ልጆች ሌብል ነበራቸው፤ የዘሀራ ሌብል በቃል የተጠና ነበር። ሚስኪ የአያት ቅድመ አያቶቿን ስም እስከ ሰባት ድረስ አስጠናቻት፤ ብትጠፋ የሚያገኛት ሰው የማን ወገን እንደሆነች እንዲያውቅ። ልጅቱም ፍራሽና ጀሪካን መሀል ተቀምጣ፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር አንድ አያት እየዘለለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመረች ሄደች። ሪሐብ ይህን ስትሰማ በሳቅ ወደቀች። «የኔን ንገሪኝ» ብላ እሷም ማጥናት ጀመረች፤ አራተኛው ላይ ሰለቻት እንጂ።

ከራት በኋላ ዘሀራ የጻፈችውን ታነባለች፣ ሪሐብ ትፈርዳለች። «ይኼ ቱ ሎንግ ነው» ትላለች። «የአክስቷን ፍየል አምጫት፣ ፍየሏን ወድጃታለሁ» ትላለች። ጦርነቱ አለቀ፤ ሶፊያ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰች፤ ትምህርት ቤት ገባች፤ መጽሐፉም አለቀ። ዘሀራ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልጇን አየቻት፤ ምስጋና ነበር የምትጠብቀው።

«ማሚ» አለች ሪሐብ፣ «የሶፊያ እናት ሞታለች አይደል?»

ዘሀራ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። መሀል ላይ ለሕክምና ጅቡቲ ሄደች አልሽ፤ ከዚያ ስሟ ሲነሣ ትልልቆቹ ሁሉ ዝም ይላሉ። ሶ ኤቭሪባዲ ኖውስ። የማናውቀው ሶፊያና እኔ ብቻ ነን። ዛትስ ኖት ፌር፣ ማሚ። ሙሉ መጽሐፍ አድምጬ!»

«ጊዜው ሲደርስ ይነገራታላ፤ ምን አስቸኮለሽ?»

«መቼ? አልቋል እኮ።»

ልጅቷ እውነቷን ነው፤ መጽሐፉ አልቋል፤ ለሶፊያ የሚነግራት ሰው በውስጡ የለም። ዘሀራ አስባበት አይደለም የደበቀችው። እጇ በለመደው መንገድ ሄደ።

እኛ ሞትን በወጉ ነው የምንናገረው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ማለዳ ይኬዳል፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ ያውቃል፤ የሞተበት ሰው ብቻ አያውቅም። ባሕር ማዶ ላለማ ወር ሁለት ወር ይቆይለታል፤ ፈተና ይለፈው፣ ጤናው ይመለስ፣ ብቻውን ሆኖ አይስማ እየተባለ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ሰው ከነሐዘኑ ብቻውን እንዳይወድቅ የታሰበ። ግን ቀጠሮው ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ አንዳንዱ መርዶ ሳይነገር ይቀራል። እኔን የሚያናድደኝም ይኼ ነው፤ ለማዘግየት የሚሰበሰብ ሽማግሌ መቼም አይጠፋም፣ ለመናገር ግን ሁሉም ጉሮሮውን ይጠርጋል።

የዘሀራም መርዶ እንደዚያ ቀረ። መጀመሪያ ልጅ ናት፣ እናቷ ለሕክምና ጅቡቲ ሄደች ትባል ተባለ። ቀጥሎ ትንሽ ትጠንክር ተባለ። ስትጠነክር ደግሞ፣ መቼም ሳታውቅ አልቀረችም ተባለ። እውነትም አወቀች፤ ያወቀችበትን ቀን ግን አታውቀውም። የሆነ ጊዜ ላይ ወደ መንገዱ ማየቷን ተወች፣ በቃ። ሰው መጥቶ አልነገራትም፤ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ «አላህ ያጽናሽ» ያላት የለም።

ያንን የመርዶ ምዕራፍ ልትጽፍ ሞከረች። አክስቲቱ ሶፊያን አጠገቧ አስቀምጣ እንድትነግራት አደረገች፤ አክስቲቱ አፏን ከፈተች፣ የሚወጣ ቃል ግን አልነበረም። ደመሰሰችው። መምህር አመጣች፣ ደመሰሰችው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለልጅ እንዴት አድርጎ እንደሚናገር አታውቅም፤ እናቷ እንዴት እንደሞተችም አታውቅም። የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ስትሪትሃም ነው የሚኖረው።

ኢስሃቅ ታላቅ ወንድሟ ነው። ያኔ ጎረምሳ ስለነበረ ቤት ይጠብቃል ተብሎ ከእናታቸው ጋር ድሬዳዋ ቀረ። በኋላም ዘሀራን ያሳደጋት፣ ጅቡቲ ያሻገራት፣ ለንደን ያስመጣት እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ዘሀራ አውቶቡስ ለዋውጣ ሄዳ፣ ሻይ ከቀረበ በኋላ በቀጥታ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እማዬ እንዴት ነው የሞተችው?»

ኢስሃቅ ሪሞቱን አንሥቶ የማያየውን ቴሌቪዥን ድምፅ ቀነሰ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?»

«ምንም አልነካኝም። መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው።»

«ሙባሽር ነግሮኛል። ጎሽ። የልጆች አይደል?»

«የልጆች ነው።»

«ታዲያ ሞት ለልጅ ምን ያደርግለታል? ጅቡቲ ሄደች በይና እለፊው።»

«እሱንማ አልፌው ነበር፤ ሪሐብ ያዘችኝ።»

ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ተዘጋ። «አንቺን ብለን ነው፣ ዘሀራ። ልጅ ነበርሽ።»

«አውቃለሁ። አሁን ግን ልጅ አይደለሁም፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል። ንገረኝ።»

«ዙህር ደርሷል፣ ውዱእ ላድርግ» ብሎ ተነሣ። ለዙህር ሰላት ገና ብዙ ሰዓት ይቀር ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይተወው ነበር። ዘሀራ ግን በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ ተመለሰች። ከዚያም በሚቀጥለው። አትጠይቀውም፣ አትቆጣውም፤ ሶፋው ጥግ ላይ ቁጭ ትልና ስልኳን አውጥታ ትጽፋለች። ድሮ ጉዳይ ያለበት ሰው የጌታ ደጅ ሲጠና ዓመት ይከርም ነበር ይባላል፤ ዘሀራም በስትሪትሃም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የወንድሟን ደጅ ጠናች። ኢስሃቅ ያልሞከረው የለም። ዳቦ ልግዛ ብሎ ይወጣል፤ ሲመለስ አለች። ወደ መስጊድ ይሄዳል፤ ሲመለስ አለች፤ ሻዩንም አፍልታ። ለሙባሽር ደውሎ «ሚስትህን ሰብስብልኝ» አለው። ሙባሽርም ለሚስቱ «ተይ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» አላት። «እወቅጠዋለሁ» አለችው።

አንዳንድ ቀን ኢስሃቅ ራሱ ያመልጠዋል። እናታቸው ገበያ ላይ ስትከራከር እጇን ወገቧ ላይ እንዴት እንደምታደርግ ይነግራታል። ዝናብ ሲመጣ ልብስ ለማስገባት ጎረቤቱን ሁሉ እንዴት እየተጣራች እንደምትሮጥ ይነግራታል። «ይኼንን ጻፊው» ይላታል፣ ደስ እያለው። «ጻፍኩት፤ ቀጥል» ትለዋለች። ያን ጊዜ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቦ ይነሣል።

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። «ምን ልታደርጊበት ነው? ሬሳ ልታስነሺ ነው? በሞተች በስንት ዘመኗ!» ብሎ ጮኸባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ጮኾባት አያውቅም።

ዘሀራ ስልኳን አስቀመጠች። «አላለቀስኩም፣ ጋሼ» አለችው። «እናቴ ሞታ አንድ ቀን ተቀምጬ አላለቀስኩም። ሰው ለሩቅ ዘመድ እንኳ ይቀመጣል። እኔ የሰው ለቅሶ ሁሉ ደርሻለሁ፤ የራሴን አላየሁትም። መጽሐፉ ሰበብ ነው መሰለኝ። ይኼንን ፈልጌ ነው የምመጣው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ስትሄድ በሩ አልተከፈተም። ስትደውል ስልኩ አልተነሣም። ዘሀራ ያን ዕለት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፈራች፤ ያለኝን አንድ ወንድም በገዛ አፌ አባረርኩት ብላ ፈራች። ቢሆንም ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች ፍየሏ የምትጠፋበትን ገጽ አስተካከለች። ያ ምዕራፍ ብቻ ባዶውን ቆየ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሱብሂ ሰግዳ ለሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትሰናዳ በሩ ተደወለ። ሙባሽር ቀድሟት ከፈተ። እሱም ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነበር፤ ለምን ብላ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘችም። ሐጂ ሙከሚል ገቡ፣ የመስጊዱ ሽማግሌ። ተከትለዋቸው ወይዘሮ እታለማሁ ገቡ፣ የድሬዳዋ ጎረቤታቸው የነበሩት አሮጊት፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። ከኋላ ጋቢውን የደረበ ኢስሃቅ። ማንም «እንዴት አደራችሁ» አላለም።

ማለዳ፣ ሽማግሌ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፤ ለአበሻ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልግም። ዘሀራ አገር ቤት ያሉትን ዘመዶቿን ሁሉ በልቧ ቆጠረች፤ ያረጁትን፣ የታመሙትን፣ ከደወሉ የቆዩትን። «ማነው? ማነው በአላህ?» አለች።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ሙከሚል። ሙባሽር ክንዷን ይዞ አስቀመጣት። ሐጂ «ሁላችንም የአላህ ነን፣ ወደርሱም ተመላሾች ነን» አሉና ወደ ኢስሃቅ ዞሩ። እንደ ወጉ ቢሆን የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ፤ ኢስሃቅ ግን እኔ ልናገር ብሏቸው ነው የመጡት።

ኢስሃቅ ከፊቷ ቆመ። «ዘሀራ፣ እናታችን ሞታለች» አላት።

ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«መቼ?» አለች ዘሀራ። መርዶ የሰማ ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀችው።

«አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ሳምንት። ሂርና ብርድ ነው፣ ልጄ ስስ ልብስ ነው የያዘችው ስትል ሰነበተች። ሹራብ ገዛችልሽ፣ ቀይ። ለሾፌር ልትሰጥልሽ መኪናዎቹ ወደሚቆሙበት ወጣች። እኔ ልውሰደው አልኳት፤ ቤቱን ጠብቅ አለችኝ። መድፉ እዚያ ወደቀ።» ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ቀጠለ። «ላንቺ ሹራብ ልትልክ ወጥታ ሞተች ብዬ ለሰባት ዓመት ልጅ እንዴት ልንገር? በኔ የተነሣ ነው ብለሽ ትኖሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ይለፍ አልኩ። ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ በምን አፌ?»

«ሹራቡ ግን ደርሶኛል» አለች ዘሀራ። «ለብሼዋለሁ እኮ። ከጅቡቲ የላከችልኝ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ የላክሁት። ከቀብር ስመለስ።»

ያን ጊዜ ዘሀራ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ ከነዩኒፎርሟ መሬት ላይ ወርዳ፣ «እማዬ፣ እማዬ» እያለች እንደ ሰባት ዓመት ልጅ አለቀሰች። ወይዘሮ እታለማሁ ሟቿን ሚስኪ እያሉ በስሟ እየጠሩ፣ ደግነቷን እያነሡ አብረዋት አለቀሱ። ሐጂ ሙከሚል «ሰብር አድርጊ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ኢስሃቅ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ሙባሽር ኮሪደር ወጥቶ ሥራ ቦታዋ ደወለ፤ ሐዘን ስላለባት ዛሬ አትመጣም አለ። ስልኩን ያነሣው ሰው ማን እንደሞተባት ጠየቀው። «እናቷ» አለ ሙባሽር። ሰውየው በጣም አዝናለሁ፣ የምትፈልገውን ቀን ትውሰድ አለ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሪሐብ በፒጃማዋ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ቆማ አየቻቸው። «ማሚ? ምንድነው? ዋት ሃፕንድ?»

ወይዘሮ እታለማሁ ቶሎ ብለው እንባቸውን ጠረጉ። «ምንም የለም፣ የኔ እናት» አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። «እናትሽን ትንሽ ራሷን አሟት ነው። ሂጂ ተኚ።»

ዘሀራ ቀና አለች። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፇ ሰልሎ ነበር።

«ራሴን አላመመኝም» አለች። «እናቴ ሞታ ነው፣ ሪሐብ። አሁን ነገሩኝ። ነይ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ሪሐብ እናቷን አየች፣ አጎቷን አየች። ከዚያ መጥታ እናቷ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ እጇንም ያዘቻት። ሐጂ ሙከሚል ከወንበራቸው ተነሥተው ጎንበስ አሉ፤ መጀመሪያ እናቲቱን፣ ቀጥሎም ልጅቱን፣ «አላህ ያጽናሽ» አሏቸው።